ቴርሞስታት ከመምረጣችሁ በፊት ቤታችሁን ለኩ፦ እርጥበትንና የአየር ዝውውርን የሚቆጣጠር ስማርት ቴርሞስታት አመራረጥ

ብዙ ሰው ስማርት ቴርሞስታት ሲገዛ ቀድሞ የሚያየው ስክሪኑን ነው። ቀጥሎ አፑን ያያል። ሙቀት ብቻ ለመቆጣጠር ከሆነ ይህ ብዙ አይጎዳም። ጠዋት ጠዋት መስኮቱ ለሚያልበው፣ የቁም ሣጥኑ ጀርባ ለሚሻግተው ቤት ግን አይበቃም። እዚያ ቤት መጠየቅ ያለበት ጥያቄ ሌላ ነው፤ ይህ ዕቃ ከማሞቂያና ከማቀዝቀዣ ሌላ ምን ማዘዝ ይችላል?

ቴርሞስታት በራሱ አየር አያደርቅም። ንጹህ አየርም አያስገባም። ይለካል፣ ከዚያ ያዝዛል። ሥራውን የሚሠራው ሌላ ማሽን ነው። ስለዚህ ምርጫው የሚጀምረው ከቤታችሁና እዚያ ካሉት ማሽኖች ነው።

በነገራችን ላይ ኤሲ ራሱ የተወለደው ከእርጥበት ችግር ነው። በ1902 ዊሊስ ካሪየር ብሩክሊን ውስጥ ለነበረ ማተሚያ ቤት የመጀመሪያውን ዘመናዊ የአየር ማቀዝቀዣ ሥርዓት ሲነድፍ ያስቸገረው ሙቀቱ አልነበረም። ወረቀቱ እርጥበት እየጠጣ ይሰፋል፣ ሲደርቅ ይጠባል፤ ቀለሙም ቦታውን ይስታል። ዲግሪውን ብቻ ማየት የለመድነው ከዚያ በኋላ ነው።

ደረጃ 1፦ ሁለት ሳምንት ለኩ

ሁለት ወይም ሦስት ትንንሽ የእርጥበት መለኪያዎች ያዙ። አንዱን መኝታ ቤት፣ አንዱን ሳሎን፣ አንዱን ሻወር ቤቱ አጠገብ አስቀምጡ። ጠዋት ከእንቅልፍ ስትነሱና ማታ ከመተኛታችሁ በፊት ቁጥሩን ጻፉ። የውጩን ሙቀትና እርጥበትም ከአየር ትንበያ አፕ ላይ ጎን ለጎን ጻፉት።

የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት የቤት ውስጥ አንጻራዊ እርጥበት (አየሩ በዚያ ሙቀት ሊይዝ ከሚችለው ውኃ ስንት በመቶውን እንደያዘ የሚያሳየው ቁጥር) ከ60 በመቶ በታች እንዲሆን ይመክራል፤ ቢቻል ከ30 እስከ 50 በመቶ። ከዚያ ሲያልፍ የአቧራ ተባይና ሻጋታ ይመቻቸዋል። ከ30 በታች ሲወርድ ደግሞ አፍንጫና ከንፈር ይደርቃል፣ እንጨት ይሰነጠቃል፣ የበር እጀታ ስትነኩ ቸክ ያደርጋችኋል።

ከቁጥሩ ይልቅ ቅርጹን እዩት። ከሻወር በኋላ ወደ 80 ወጥቶ በግማሽ ሰዓት የሚመለስ ከሆነ ችግራችሁ የመታጠቢያ ቤቱ ፋን ነው። ስማርት ቴርሞስታት አያስፈልጋችሁም፤ ፋኑን አስተካክሉ። ሌሊቱን ሙሉ መኝታ ቤት ብቻ የሚወጣ ከሆነ በር ተዘግቶ የሰው ትንፋሽ እየተጠራቀመ ነው። ቀንና ማታ፣ በሁሉም ክፍል ከ60 በላይ ከሆነ ግን የቤቱ ሁሉ ጉዳይ ነው። ልብሳችሁን ቤት ውስጥ የምታሰጡ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ እሱን ጠርጥሩ። አንድ ዙር እጥበት እስከ 2 ሊትር ገደማ ውኃ ወደ አየሩ ይለቃል።

ደረጃ 2፦ መለኪያውን በጨው ፈትኑት

ርካሽ መለኪያ በ5 በመቶ ቢሳሳት አይገርምም። 48 ያላችሁ 53 ሊሆን ይችላል። ማረጋገጫው ኩሽና ውስጥ አለ።

አንድ ቆርኪ ላይ የምግብ ጨው አድርጉ። ጥቂት ጠብታ ውኃ ጨምሩበት። ጨው እንዳይሟሟ፣ እንደ እርጥብ አሸዋ ብቻ እንዲሆን። ቆርኪውንና መለኪያውን ዚፕ ባለው ላስቲክ ወይም በደንብ በሚገጠም ዕቃ ውስጥ አብራችሁ ዝጉ። ሙቀቱ በማይለዋወጥበት ቦታ ከ8 ሰዓት በላይ፣ ቢቻል አንድ ቀን ሙሉ ተዉት። በክፍል ሙቀት ውስጥ ከጠገበ ጨው በላይ ያለ አየር እርጥበቱ 75 በመቶ ላይ ይቆማል። ይህ የተፈጥሮ ሕግ ነው፤ ተራ የምግብ ጨው ይሁን እንጂ የማንም ፋብሪካ ቢሆን ለውጥ የለውም። ሌላ ዓይነት ጨው ግን ሌላ ቁጥር ይሰጣል። መለኪያው 71 ካለ፣ ከዛሬ ጀምሮ በየንባቡ ላይ 4 ጨምሩ።

ይህን የምወደው በኋላም ስለሚያገለግል ነው። ቴርሞስታቱ ከተተከለ በኋላ የተፈተነውን መለኪያ አጠገቡ አስቀምጣችሁ ንባባቸውን ታስተያያላችሁ። ጥሩ ቴርሞስታት የእርጥበት ማስተካከያ ቅንብር አለው። የሌለውን እኔ አልገዛም።

ደረጃ 3፦ የጠል ነጥብን ተረዱ

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ይህን ያዙ። አንጻራዊ እርጥበት ብቻውን ያታልላል።

ለምሳሌ ውጭ 12 ዲግሪ ሴልሺየስና 90 በመቶ እርጥበት አለ እንበል። ቤት ውስጥ 22 ዲግሪና 55 በመቶ። ሰው 90ን ሲያይ መስኮቱን ይዘጋል። ግን ያ የውጭ አየር ገብቶ 22 ዲግሪ ሲሞቅ እርጥበቱ ወደ 50 በመቶ ይወርዳል። ማለትም ቤቱን ያደርቃል።

አሁን ገልብጡት። ውጭ 28 ዲግሪና 60 በመቶ፣ ቤት ውስጥ 24 ዲግሪና 60 በመቶ። ቁጥሩ እኩል ነው። ነገር ግን ያ አየር ገብቶ ወደ 24 ሲቀዘቅዝ 75 በመቶ ገደማ ይሆናል። ንጹህ አየር አስገባን ብለን ውኃ አስገባን ማለት ነው።

ትክክለኛው ማወዳደሪያ የጠል ነጥብ ነው። አየሩ ያን ያህል ቢቀዘቅዝ ጤዛ መሥራት ይጀምራል። እርጥበቱ ከ50 በመቶ በላይ ሲሆን የሚሠራ ቀላል ስሌት አለ። 100 ላይ እርጥበቱን ቀንሱ፣ ለ5 አካፍሉ፣ የመጣውን ከሙቀቱ ላይ ቀንሱ። በመጀመሪያው ምሳሌ ውጭ 10፣ ውስጥ 13 ይመጣል። የውጩ ዝቅ ስላለ አስገቡት። በሁለተኛው ውጭ 20፣ ውስጥ 16። ዝጉት።

ስለዚህ ሻጩን ወይም የምርቱን ማኑዋል መጠየቅ ያለባችሁ ይህን ነው፦ ንጹህ አየር የሚያስገባውን ማሽን ሲያዝዝ የውጩን የጠል ነጥብ ያያል ወይስ በሰዓት ብቻ ይሄዳል? አንዳንዶቹ የውጭ ሴንሰር ይቀበላሉ። አንዳንዶቹ የአየር ጠባዩን ከኢንተርኔት ይወስዳሉ። ብዙዎቹ ግን በየሰዓቱ ይህን ያህል ደቂቃ ከማለት ውጭ ሌላ አያውቁም። ቀዝቃዛና ደረቅ አካባቢ ለሚኖር ይህ ይበቃዋል። ሞቃትና እርጥብ አካባቢ ለሚኖር ግን ችግሩን በገንዘብ መግዛት ነው።

ደረጃ 4፦ ቤታችሁ ውስጥ ምን ማሽን አለ?

ቴርሞስታቱ የሚያዝዛቸውን ማሽኖች በወረቀት ላይ ዘርዝሩ።

አየር በቱቦ ለየክፍሉ የሚያከፋፍል ማዕከላዊ ሥርዓት ካለ ምርጫው ሰፊ ነው። በአብዛኛው በ24 ቮልት የመቆጣጠሪያ ሽቦ ይሠራል፤ ገበያ ላይ ያሉት ታዋቂዎቹ ስማርት ቴርሞስታቶችም ለዚህ የተሠሩ ናቸው።

ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ስፕሊት ኤሲ ብቻ ካላችሁ እነዚህ አይሆኑም። የእናንተ መፍትሔ እንደ ሪሞት በኢንፍራሬድ የሚያዝዝ መቆጣጠሪያ ነው። ሴንሲቦን የመሰሉት የእርጥበት ሴንሰር አላቸው። እርጥበቱ ከተወሰነ ቁጥር ሲያልፍ ኤሲውን በማድረቂያ ሁነታ እንዲያስነሱ ማድረግ ይቻላል።

ግድግዳ ላይ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ካላችሁ ደግሞ ተጠንቀቁ። እነዚህ በቀጥታ በቤቱ ኃይል፣ በ120 ወይም በ240 ቮልት ነው የሚሠሩት። የ24 ቮልት ቴርሞስታት እዚያ ላይ ማሰር እሳት መጋበዝ ነው።

ከዚያ ረዳቶቹ ይመጣሉ። እርጥበት ጨማሪ፣ እርጥበት ቀናሽ፣ ንጹህ አየር አስገቢ። የመጨረሻው ሁለት ዓይነት ነው። ኤች አር ቪ የሚባለው ከሚወጣው አየር ሙቀቱን ብቻ ወስዶ ለሚገባው ያስተላልፋል። ኢ አር ቪ ሙቀቱንም የተወሰነ እርጥበትም ያስተላልፋል። የብርዱ ወቅት ቀዝቃዛ ሆኖ ቤት ውስጥ እርጥበት ለሚበዛበት ኤች አር ቪ ይሻላል። ውጩ ወበቅ ለሆነበት፣ ወይም በብርድ ወቅት ቤቱ ለሚደርቅበት ኢ አር ቪ ያዋጣል። ኢ አር ቪ ግን እርጥበት ቀናሽ አይደለም። የሚገባውን እርጥበት ይቀንሳል እንጂ የገባውን አያወጣም። ይህን የሚያምታቱ ሻጮች አይቻለሁ።

ምንም ረዳት ማሽን ከሌላችሁና ችግራችሁ መለስተኛ ከሆነ፣ ኤሲውን ለማድረቂያ የሚጠቀም ቴርሞስታት ሊበቃ ይችላል። እሱን ደረጃ 6 ላይ እመለስበታለሁ።

ደረጃ 5፦ ሽቦና ተርሚናል ቁጠሩ

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ሳጥኑ ላይ "እርጥበት ይለካል" የሚል ሁሉ እርጥበትን ይቆጣጠራል ማለት አይደለም። ለመቆጣጠር ረዳት ማሽኑ የሚታሰርበት ተጨማሪ ተርሚናል፣ ማለትም የሽቦ ማሰሪያ ቦታ፣ ያስፈልጋል።

ከአንድ ኩባንያ የሚወጡ ሞዴሎች እንኳ ይለያያሉ። ኢኮቢ ፕሪሚየም ለረዳት መሣሪያ የሚሆኑ ሁለት ተርሚናሎች አሉት። ርካሹ ኢኮቢ 3 ላይት ግን የለውም፤ እርጥበት ጨማሪም ሆነ ንጹህ አየር አስገቢ አያዝዝም። የ3ኛው ትውልድ ኔስት ለርኒንግ ለዚህ የሚሆን አንድ የኮከብ ምልክት ያለበት ተርሚናል ብቻ አለው። ሃኒዌል ሆም ቲ10 ፕሮ ላይ እርጥበት ጨማሪ፣ እርጥበት ቀናሽ ወይም አየር አስገቢ ማሰር ይቻላል፤ ግን ከሦስቱ አንዱን። እንግዲህ ሁለት ረዳት ማሽን ካላችሁ መጀመሪያ ይህን አጣሩ። ስክሪኑ በኋላ ይደርሳል።

አሁን ወደ ግድግዳው። ብሬከሩን አጥፉ። የድሮውን ቴርሞስታት ፊት ንቀሉ። ሽቦዎቹን ከመንካታችሁ በፊት ፎቶ አንሱ፤ የተርሚናሉ ፊደልና የሽቦው ቀለም በግልጽ ይታይ። ቀለሙን ብቻ አትመኑ። የሠራው ሰው በእጁ የገባውን ቀለም ተጠቅሞ ሊሆን ይችላል።

ከፊደሎቹ "አር" ኃይል ነው። "ዋይ" ማቀዝቀዣ፣ "ደብልዩ" ማሞቂያ፣ "ጂ" ፋን። "ሲ" ደግሞ የኃይሉ መመለሻ ነው፤ ስማርት ቴርሞስታት ያለማቋረጥ ኃይል ስለሚፈልግ ይህ ሽቦ ያስፈልገዋል። ኃይሉ ተመልሶ ሲበራ በቴስተር በ"አር" እና በ"ሲ" መካከል ብትለኩ ከ24 እስከ 28 ቮልት ገደማ ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ማየት አለባችሁ።

የ"ሲ" ሽቦ ከሌለ የ"ጂ"ን ሽቦ በምትኩ ተጠቀሙ የሚል ምክር ታገኛላችሁ። ለሙቀት ብቻ ይሠራል። ለእናንተ ግን አይሆንም። የ"ጂ" ሽቦ ከሄደ ፋኑን ለብቻው ማስነሳት አትችሉም፤ ፋኑ ለብቻው ካልተነሳ ደግሞ አየር ማዘዋወር የሚባል ነገር የለም። ይልቅ አዲስ ሽቦ አስስቡ ወይም ከአምራቹ የሚመጣውን የኃይል ማስማሚያ ተጠቀሙ።

አንድ ሌላ አደገኛ ነገር። አንዳንድ ረዳት ማሽኖች 24 ቮልት እንዲላክላቸው ይፈልጋሉ። ሌሎቹ፣ በተለይ ብዙዎቹ ኤች አር ቪዎች፣ የራሳቸው ኃይል ስላላቸው የሚፈልጉት ሁለት ሽቦ ማገናኘትና ማለያየት ብቻ ነው። በእነሱ ላይ ኃይል ከተላከ ቦርዱ ይቃጠላል። የሁለቱን ማሽኖች ማኑዋል ጎን ለጎን ዘርግታችሁ አንብቡ። ካልገባችሁ እዚህ ጋ ቆሙና ባለሙያ ጥሩ።

ደረጃ 6፦ ቴርሞስታቱ ምን ያህል ያስባል?

ተርሚናሉ ካለ ቀጥሎ የሚመጣው ፕሮግራሙ ነው። እኔ የማያቸው እነዚህን ነው።

መጀመሪያ፣ በኤሲ ማድረቅ። ኤሲ አየሩን ሲያቀዘቅዝ ውኃውንም ያወጣል። ወበቅ ሆኖ ብዙ በማይሞቅበት ቀን ግን ኤሲው ቶሎ ቶሎ እየጠፋ ለማድረቅ ጊዜ አያገኝም። ጥሩ ቴርሞስታት ከፈለጋችሁት ሙቀት አንድ ወይም ሁለት ዲግሪ ዝቅ ብሎ እንዲሠራ ይፈቅድለታል። ኢኮቢ ይህን ገደብ ራሳችሁ እንድትወስኑ ያደርጋል። ኔስትም ለማድረቅ ብሎ የሚያቀዘቅዝበት ሁነታ አለው። ገደቡ ግን ይኑር። ያለ ገደብ ከሆነ ቤቱ ቀዝቃዛና እርጥብ ይሆናል፤ ቀዝቃዛ ግድግዳ ደግሞ ሻጋታ ይወዳል።

ሁለተኛ፣ ውጩ ሲቀዘቅዝ ዒላማውን ዝቅ የሚያደርግ እርጥበት ጨማሪ። በብርድ ወቅት ቤቱን 45 በመቶ ላይ ማቆየት መስኮቱን ያጥለቀልቃል። 21 ዲግሪ በሆነ፣ 50 በመቶ እርጥበት ባለው ክፍል የጠል ነጥቡ 10 ዲግሪ ገደማ ነው። መስታወቱ ከዚያ ከቀዘቀዘ ያልባል። የተለመደው አሠራር ውጩ 4 ዲግሪ ሲሆን 45 በመቶ፣ ከዜሮ በታች 7 ሲሆን 35፣ ከዜሮ በታች 18 ሲሆን 25 ነው። ይህን በራሱ የሚያደርግ ቅንብር ያለውን ምረጡ፤ በየቀኑ ቁጥር መቀየር ማንም አይዘልቀውም።

ሦስተኛ፣ ፋኑና የአየር መግቢያው አብረው መሄዳቸው። ንጹህ አየር በማዕከላዊው ቱቦ በኩል የሚገባ ከሆነ የመግቢያው በር ሲከፈት ዋናው ፋን መነሳት አለበት። ፋኑ ካልተነሳ ከውጭ የሚገባው አየር እዚህ ግባ የሚባል አይሆንም።

የካርቦን ዳይኦክሳይድ መለኪያ አለኝ የሚለውን በጥንቃቄ እዩት። አንዳንዶቹ ጋዙን በቀጥታ አይለኩም፤ ከሌሎች ተናኝ ኬሚካሎች ተነስተው ይገምታሉ። ሽቶ ስትረጩ ቁጥሩ ከዘለለ ግምት ነው ማለት ነው። ለአየር ዝውውር ውሳኔ በኢንፍራሬድ የሚለካ የተለየ ሴንሰር ይሻላል።

የኩባንያውን ድጋፍም አስቡበት። ጉግል የመጀመሪያውንና የሁለተኛውን ትውልድ ኔስት ለርኒንግ ድጋፍ በጥቅምት 2025 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር አቁሟል። ግድግዳው ላይ መሥራታቸውን ቀጥለዋል፤ ከስልክ ማዘዝ ግን ቀርቷል። ኢንተርኔት ሲቋረጥም እርጥበቱን መቆጣጠር የሚቀጥል ዕቃ ግዙ።

ደረጃ 7፦ ስንት ደቂቃ?

አሽሬ የተባለው የአሜሪካ የማሞቂያና ማቀዝቀዣ መሐንዲሶች ማህበር 62.2 በሚባለው መስፈርቱ ለመኖሪያ ቤት ቀመር አውጥቷል። የቤቱን ስፋት በካሬ ሜትር በ0.15 አባዙ። የመኝታ ክፍሎቹን ቁጥር አንድ ጨምራችሁ በ3.5 አባዙ። ሁለቱን ደምሩ። የመጣው በሰከንድ መግባት ያለበት የአየር ሊትር ነው።

100 ካሬ ሜትርና ሁለት መኝታ ላለው ቤት 15 ሲደመር 10.5፣ ማለትም 25.5 ሊትር በሰከንድ። ማሽናችሁ በሰከንድ 50 ሊትር የሚያስገባ ከሆነ በየሰዓቱ 31 ደቂቃ ይሥራ። በቴርሞስታቱ ላይ የምታስገቡት ይህን ደቂቃ ነው። አንዴ ሦስት ሰዓት ሠርቶ ቀኑን ከሚተኛ፣ በየሰዓቱ ትንሽ ትንሽ ቢሠራ ይሻላል።

አንድ ማስጠንቀቂያ። አየር ማስወጫ ብቻ ያለው ቤት ውስጥ በጋዝ የሚሠራ የውኃ ማሞቂያ ወይም ምድጃ ካለ፣ ፋኑ አየሩን ሲስብ ጭሱ በጭስ ማውጫው ተመልሶ ሊገባ ይችላል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ ይገድላል። የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ ሳትሰቅሉ፣ ባለሙያም ሳያየው ፋኑን በቴርሞስታት አታስነሱ።

ደረጃ 8፦ መትከል

በውስጠኛ ግድግዳ ላይ፣ ከወለል 1.5 ሜትር ገደማ ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉት። ፀሐይ፣ ኩሽና፣ የሻወር ቤት በርና የኤሲ አየር የሚመታው ቦታ አይሁን። ካቻቢቴና ቴስተር ይበቃችኋል።

ከጀርባው ሽቦ የሚወጣበትን ቀዳዳ በሲሊኮን ወይም በስቱኮ ድፈኑት። ይህን ሳልደፍን ቀርቼ ሳምንታት ተቸግሬያለሁ። በግድግዳው ውስጥ የሚመጣው ቀዝቃዛ አየር ሴንሰሩን እየነካው እርጥበቱን ከትክክለኛው አስበልጦ ያነብ ነበር፤ እርጥበት ቀናሹም ያለ ሥራው ሌሊቱን ሙሉ ሲያጓራ ያድር ነበር። ከተደፈነ በኋላ ንባቡ ከተፈተነው መለኪያ ጋር ገጠመ።

ደረጃ 9፦ ማስተካከልና መፈተን

እርጥበት ቀናሹን 50 በመቶ ላይ ጀምሩት። ፋኑን "አውቶ" ላይ አድርጉ። "ኦን" ላይ ከተተወ ኤሲው ከቆመ በኋላም ፋኑ ይነፋል፤ ቀዝቃዛው ቱቦ ላይ የቀረው ውኃ ተመልሶ ወደ ቤቱ ይተናል። ወበቅ ባለበት ወቅት ይህ ስህተት ብቻውን ኤሲው ያደረቀውን አየር መልሶ ያረጥበዋል።

አንድ በአንድ ፈትኑ። አየር አስገቢውን ከአፑ ላይ አስነሱና ሄዳችሁ ድምፁን ስሙ፤ መግቢያው ላይ ቀጭን ወረቀት አስጠጉ። እርጥበት ቀናሹን ዒላማ ወደ 30 ዝቅ አድርጉና መነሳቱን አረጋግጡ፣ ከዚያ መልሱት። ሁለቱ ተቃራኒ ማሽኖች፣ ጨማሪውና ቀናሹ፣ በአንድ ጊዜ እንዳይሠሩ በመካከላቸው ቢያንስ 10 በመቶ ልዩነት ተዉ።

ከዚያ ለአንድ ወር በሳምንት አንድ ቅንብር ብቻ ቀይሩ። ሁለት ከቀየራችሁ የትኛው እንደሠራ አታውቁም። የደረጃ 1 ማስታወሻችሁን አውጡና ከአዲሱ ንባብ ጋር አስተያዩ። ጠዋት መኝታ ቤቱ አሁንም ከ60 በላይ ከሆነ ቴርሞስታቱ ያለበት ኮሪደር 48 ማለቱ አይጠቅማችሁም። ያኔ ለመኝታ ቤቱ የራሱን ሴንሰር ጨምሩለት፤ ሴንሰሩ እርጥበትም የሚለካ መሆኑን ግን አስቀድማችሁ አረጋግጡ። ብዙዎቹ የክፍል ሴንሰሮች ሙቀትና እንቅስቃሴ ብቻ ነው የሚያውቁት።